ከመዝገብ ያልተሰረዘው ቤዝ ጊታር

ለሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልሁበትን መሥሪያ ቤት በጡረታ የለቀቅሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ነው። ሥራዬ በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ከተማ፣ የነጋዴዎችን ሚዛን መፈተሽ ነበር። በወጣሁበት ወር ጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሸጠ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ስፈትሽበት የኖርሁትን ረጅም ጠረጴዛ ገዛሁ። ከጠረጴዛው ቤዝ ጊታር አሠራሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ያ ጊታር የተሰረቀ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ ተያዘብኝ። መቶ ግራም ለጎደለ ሚዛን ሰው ስከስስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጠረጴዛ ሰረቅህ መባሌን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የተወለድሁት በኬንያ በኩል ነው። አማርኛውን ያገኘሁት ከእናቴና በየቀኑ ድንበር እየተሻገርሁ ከተማርሁበት ትምህርት ቤት ነው። ቤዝ መጫወት ግን የተማርሁት ናይሮቢ ለሥራ ሥልጠና በተላክሁ ጊዜ ነበር። ሠልጣኞቹ ባንድ አቋቁመው ነበርና ሌሎቹ መሪውን ጊታር ሲሻሙ እኔ ማንም ያልፈለገውን ባለአራት ክር አነሣሁ። ወዲያው ተስማማኝ። ቤዝ የሚጫወት ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እሱ ከሳተ ግን የሚጨፍረው ሁሉ እግሩ ይጠፋበታል። ከያዝሁት ሙያ ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል ነገር አላገኘሁም።

ሥራ በጀመርሁ በዘጠነኛው ዓመት ሃያ ኪሎ የሚመዝን የመፈተሻ ብረት ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ተንሸራቶ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ሰበረው። ጣቱ ተጠገነ እንጂ ከዚያ ወዲህ እንደሌሎቹ አይዘረጋም። ከፋብሪካ የሚመጣ ቤዝ አንገቱ ረጅምና ወፍራም ስለሆነ ጣቶች ተራርቀው መዘርጋት አለባቸው። ስለዚህ ተውሁት። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ሰርግ ላይ ቁጭ ብዬ የሌላውን ቤዝ ሳዳምጥ ኖርሁ።

ወደ ጨረታው ልመለስ። የተሸጠ ዕቃ ከንብረት መዝገብ መሰረዝ አለበት፤ መዝገቡን ደግሞ የምይዘው እኔ ነበርሁ። ብዕሩን አንሥቼ አንድ መስመር ብሰርዝ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ገዥው ራሴ ሆኜ በገዛ እጄ መሰረዙን ነውር አድርጌ ቆጠርሁት። በኅዳጉ ላይ «ገዥው የመዝገቡ ያዥ ስለሆነ ስረዛውን ተተኪው ይፈጽም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ቀኑንም አሰፈርሁ። ተተኪዬ አራት ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሠለጠንሁት ሰው ነው። እሱም ከሥር መረከቡን ፈረመ።

«ሙዜ፣ አይጨነቁ» አለኝ፤ በእኛ በኩል ሽማግሌ የሚከበረው በዚህ የስዋሂሊ ቃል ነው። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሰርዘዋለሁ።»

አልሰረዘውም። በዓመቱ አገልግሎቱ ከማዕከላዊው መንግሥት ወደ ካውንቲው፣ ማለትም ወደ አካባቢው አስተዳደር፣ ሲዛወር ንብረቱ በአዲስ ዝርዝር ተገለበጠ። ጠረጴዛውም ሳይሰረዝ ስለተገኘ በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ ገባ። አሮጌው መዝገብ በካርቶን ታሽጎ ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛዬን ጭኜ ከብት ገበያው አጠገብ ወዳለው ፉንዲ ሄጃለሁ።

ፉንዲ የምንለው አናጺውን ነው። ከኢትዮጵያ በስደት መጥቶ ብዙ ዓመት በመጠለያ ኖሮ አሁን በሞያሌ በርና አልጋ የሚሠራ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ነበር። ጊታር ሠርቶ አያውቅም። እኔም አሠርቼ አላውቅም። መቃኛ ቁልፎቹን፣ ክሮቹንና ድምፁን የሚቀበለውን ክፍል ናይሮቢ ካገኘሁት አንገቱ የተሰበረ አሮጌ ቤዝ ላይ አስፈታሁ። የቀረው እንጨት ነው። እንጨቱም ደረቅና ጠቆር ያለ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ብረት ተሸክሞ ያልጎበጠ። ከጠረጴዛው ገበታ አካሉን፣ ከሥር ከሚያገናኘው ረጅም አግዳሚ ደግሞ አንገቱን አወጣን። አንገቱን ለእኔ ጣት አሳጠርነው፤ አቀጠንነውም። ፉንዲው እጄን በእንጨቱ ላይ አስይዞ በእርሳስ እየከበበ፣ እየላገ፣ እንደገና እያስያዘኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በአንገቱ ላይ የሚተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች ቦታ ግን ለዓይኑ አልተውሁለትም። እያንዳንዱን በብረት ማስመሪያ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር እለካ ነበር። ይህም አናደደው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት በር የሠራሁት በዓይኔ ለክቼ ነው። አንድም በር ተመልሶብኝ አያውቅም።»

«በር ድምፅ የለውም» አልሁት።

«የእኔ በር የለውም። የሌሎቹ ፉንዲዎች በር ግን ሲከፈት ይዘፍናል።»

በገበታው አንድ ጥግ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የንብረት ቁጥር ነበር፦ 4167። ፉንዲው መላጊያውን አሳርፎበት ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄን ጠባሳ ላንሣው?»

«አትንካው።»

«ጋሼ፣ መንግሥት ስሙን የጻፈበትን ነገር በየሰርጉ ይዘው ሊዞሩ ነው?»

«ደረሰኝ አለኝ።»

«ደረሰኙንም ከጊታሩ ጋር እንስፋው እንግዲያ!»

ሳቅሁ። ቁጥሩ ግን ቀረ፤ በአካሉ ፊት፣ ከክሮቹ በታች፣ ማንም በሚያየው ቦታ። ትዕቢት ነው የሚለኝ ካለ አልከራከርም። የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ያስገኘልኝ የምስክር ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ያ ቁጥር ግን ስሠራ ሁልጊዜ ከቀኝ ክንዴ አጠገብ የነበረ ነው። በሐቅ በተገዛ ዕቃ ላይ ያለን ምልክት መፋቅ ደግሞ የሌባ ሥራ መስሎ ታየኝ። ዛሬም እንዲያው ይመስለኛል።

ጊታሩ ከጠበቅሁት በላይ ከበድ አለ፤ ድምፁም እንደ ክብደቱ ነበር። መጀመሪያ የሰካሁት ቀን ዝቅተኛውን ክር ስመታ በፉንዲው መደርደሪያ ላይ ያሉት ምስማሮች በጣሳቸው ውስጥ ተንቀጠቀጡ። ፉንዲው የጊታሩን አንገት ያዘና ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቀውም። ከዚያም «እግሮቹን ለእኔ ይተዉልኝ» አለኝ። ከጠረጴዛው የተረፉትን አራት እግሮች የራሱ የሥራ ጠረጴዛ እግር አደረጋቸው።

በ2013 በከተማው ካለ የሰርግ ባንድ ገባሁ። መሪው ዘፋኙ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ሲሚንቶ ይነግዳል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም እንጫወት ነበር። በአንድ ሰርግ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ካልተዘፈነ ግማሹ እንግዳ አኩርፎ ይቀመጣል። ወደ ጎዶማ መንደር በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ስንሄድ ጊታሩ ባለቤቴ ከብርድ ልብስ በሰፋችለት ከረጢት ውስጥ ሆኖ በጭኔ ላይ ነበር። ኦቦ በምትባል መንደር አንድ ቀን ጄኔሬተሩ ቢጠፋ ሰዎቹ በጭብጨባ ቀጠሉ፤ እኔም ያለ ማጉያ መታሁ፤ በአጠገቤ የነበሩት ሽማግሌዎች እንጨቱን በመዳፋቸው እየነኩ ሰሙኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጣሁትን ነገር በስድሳ ዓመቴ አገኘሁት፤ በእጄ ልክ ተሠርቶ።

ቁጥሩን ያየው ዘፋኝ ለጊታሩ «ሰርካሊ» የሚል ስም አወጣለት፤ በስዋሂሊ መንግሥት ማለት ነው። ድንኳኑ ሲሞቅ ማይክሮፎኑን ይይዝና፣

«ወገኖቼ፣ በግራ በኩል ሰርካሊ ቁጭ ብሏል! ግብር ያልከፈለ እንዳይጨፍር!» ይል ነበር።

በ2016 ኦክቶበር ወር፣ ቅዳሜ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በአንድ የከተማችን ሰርግ ይህንኑ ቀልድ ቀለደ። ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት የክብር እንግዶች አንዱ ተተኪዬ ነበር፤ ያን ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆኗል። ስናርፍ ወደ እኔ መጣ። ሰላምታ ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ ጊታሩን አየ።

«ሙዜ፣ ይሄ ቁጥር የእኛ አይደለም እንዴ?»

«የእናንተ ነበር» አልሁት።

ሳቀ። በስልኩ ፎቶ አነሣው። የባንዳችን ልጆች አድናቂ መስሏቸው ከጊታሩ ጋር ቆሞ እንዲነሣ ቦታ ለቀቁለት።

ማክሰኞ ዕለት አንድ የቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነጂ ደብዳቤ አመጣልኝ። «ያለ አግባብ በእጅዎ የሚገኘውን የመንግሥት ንብረት» ይዤ እንድቀርብ ያዛል። ያለ አግባብ! ይህን ቃል በእንደዚያ ያለ ደብዳቤ ላይ እንዴት እንደሚጽፉ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ደረሰኜን ይዤ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ጊታሩን አንግቼ ሄድሁ። ያልታዘዝሁበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀንም ታዘዝሁ።

ኃላፊው በሩን ዘጋ። ደረሰኙን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ጠረጴዛ ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ይሄ ያመጡት ጠረጴዛ ነው?»

«ጠረጴዛ ነበር።»

«ሙዜ፣ ጠረጴዛ ካልሆነ ደረሰኙ አይመለከተውም። ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ በዝርዝራችን ላይ ስላለ የእኛ ነው። ማሊ ያ ሰርካሊ።» የመንግሥት ንብረት ማለቱ ነው፤ ቀድሞ እኔ ማኅተሙ የተፈታ ሚዛን ያገኘሁበትን ነጋዴ እንደማስፈራራው አድርጎ ነው ያለው።

«ስረዛውን እንድትፈጽም በኅዳጉ ጽፌ አስረክቤሃለሁ። ፈርመህ ተረክበሃል።»

«አላስታውስም። መዝገቡ ካለዎት ያምጡና ያሳዩኝ።»

መዝገቡ የሚገኘው በእነሱ መጋዘን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመንግሥት መዝገብ ቤቴ ቢገኝ ኖሮ ያን ጊዜ በእውነት ሌባ ነበርሁ። ይህን ነገርሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ቅጽ አቀረበልኝ፤ ቅጹ «ንብረቱን መልሻለሁ» ይላል። አልፈርምም አልሁ። የወሰድሁት ነገር የለምና የምመልሰው የለኝም። «ለማጣራት ቀርቧል» ተብሎ እስኪስተካከል ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ተስተካከለ፤ ቅጂውንም ወሰድሁ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ። የቤዝ ክር ተወጥሮ ሲቀመጥ አንገቱን ቀን ከሌት ይስበዋል። በሞያሌ ሙቀት፣ በተዘጋ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው የሚቆም ከሆነ እንጨቱ ይጎብጣል።

«ክሮቹን ላላላቸው። እዚሁ፣ በፊትህ።»

«ማስረጃ አይነካም፣ ሙዜ።»

አራቱን ቁልፎች ለማዞር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በሌባነት መጠርጠሬን ከዚህ ይልቅ በቀለለ ሁኔታ ይቅር እል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ጊታሩን በሁለት ባልዲና በተሰበረ የቢሮ ወንበር መሐል አቁመው በሩን ቆለፉበት።

አምስት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የአምስቱም ቅጂ አለኝ። በሁሉም የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ አሮጌው መዝገብ ይምጣ። ለሁለቱ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ፤ ሦስቱ መልስ አላገኙም። በጎዳና ላይ ግን መልሱ አልቀረብኝም። አንድ ጊዜ ሚዛኑን ያሸግሁበት የስኳር ነጋዴ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ሰው እየሰማ፣

«ሙዜ! ጠረጴዛው ዘፈን ለመደ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ለጎረቤቱም ጮክ ብሎ፣ «እኔን በመቶ ግራም ፍርድ ቤት የገተረ ሰውዬ እሱ ጠረጴዛ ሙሉ ተሸክሞ ሄደ!»

ሳቁ። መንገዴን ቀጠልሁ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን አወለቅሁና የደብዳቤዎቹን ቅጂ እንደገና በቅደም ተከተል ደረደርሁ።

በዲሴምበር ባንዱ ሦስት ሰርግ ነበረበት። ዘፋኙ ከማዶ የፋብሪካ ቤዝ ተውሶ አመጣልኝ። ሁለት ዘፈን ተቋቋምሁ። በሦስተኛው ጣቴ መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም፤ ደግሜ ብሞክር ደግሞ ቀረ፤ የሙሽራው ሚዜዎች እርምጃቸው ሲጠፋባቸው አየሁ። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ።»

በትሕትና ነው ያለው። በቀጣዩ ቅዳሜ ሌላ ቤዝ ተጫዋች ቀጠረ፤ ቦታዬ እንደሚጠበቅልኝ ግን ማለልኝ። እኔ ደግሞ እንደገና በሰው ሰርግ ላይ ቁጭ ብዬ የሌላውን ቤዝ ማዳመጥ ጀመርሁ።

በፌብሩዋሪ 2017 ከካውንቲው ዋና ከተማ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢዋ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። ጊታሩ በመሐል ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ፉንዲው በምስክርነት ከጎኔ ተቀምጧል። ከአባላቱ አንዱ ፉንዲውን ጠየቀው።

«ሙሉው ጠረጴዛ ጊታር ሆነ?»

«የለም ጌታዬ። እግሮቹ እኔ ጋ ናቸው።»

«ታዲያ ንብረቱ በሁለት ሰዎች እጅ ነው ማለት ነው።»

«ፍርፋሪውን ደግሞ ጎረቤቴ ሻይ አፈላችበት» አለ ፉንዲው። «እሷንም ልጥራት?»

ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። ከእግሯ ሥር ካርቶን አንሥታ ከውስጡ አሮጌውን መዝገብ አወጣች። በአምስት ወር ውስጥ ይህን ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። ካርቶኑን የከፈተ አልነበረም! ገጹን አግኝታ ኅዳጉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ከዚያም ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለኃላፊው አሳየችው።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ። «አላስታወስሁም ነበር።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። ወደ እኔ አልዞረም። ሥራ ያስተማርሁት ሰው ከእኔ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ የሰዓቱን ማሰሪያ ያስተካክል ነበር።

ሰብሳቢዋ ሌላ የምለው እንዳለ ጠየቀችኝ። ክሮቹን ላላላቸው አልሁ። ፈቀደች። አራቱን ቁልፎች አንድ በአንድ አዞርሁ። ፉንዲው ጊታሩን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር በአንገቱ ርዝመት ተመለከተ።

«ጎብጧል። ሁለት ሚሊሜትር።»

ማስመሪያዬ በኪሴ ነበር። ለካሁት። ሁለት ሚሊሜትር ነው።

«በዓይኔ ነው የምለካው አላልሁዎትም?» አለኝ በሹክሹክታ።

ፉንዲው አንገቱን በሁለት ሳንቃ መሐል አስሮ፣ በየቀኑ ጥቂት እያጠበቀ አቃናው፤ ግን ይህ የሆነው የኮሚቴው ውሳኔ በጽሑፍ ደርሶኝ ጊታሩ ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ነው። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብሁት። «ስሕተት» የሚለውን ቃል ፈለግሁ፤ የለም። «ይቅርታ» የሚለውንም ፈለግሁ። ያለ አግባብ ተብሎ ተጽፎብኝ ነበርና፣ ያ ቃል መነሣቱን የሚገልጽ ግማሽ መስመር እንኳ ፈለግሁ። ለልምምድ በተሰበሰብንበት ዘፋኙ ከእጄ ነጥቆ በማይክሮፎን አነበበው፤ ባንዱ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፉንዲው የውሳኔውን ቃል በጊታሩ ላይ ልቅረጸው ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ከቁጥሩ አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደል። አልፈቀድሁም። ቃሉ ግን እንዳለ እንዲህ ይላል፦

«በንብረት ቁጥር 4167 የተመዘገበው አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ተመርምሮ፣ በአሁኑ ይዞታው ለምንም ዓይነት አገልግሎት የማይውል ሆኖ ስለተገኘ፣ ከመዝገብ እንዲሰረዝና ቀድሞ ለገዙት ግለሰብ እንዲለቀቅ ተወስኗል። ሞያሌ፣ ማርች 14 ቀን 2017።»